ለአስካለ፣ ተውሳከ ግሥን በዜማ ላስጠናሽኝ

የኔ አስካለ፣

ከተለየሽኝ እነሆ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ልጽፍልሽ ስንት ጊዜ ብዕር አንሥቼ፣ እንባዬ ወረቀቱን ሲያበላሽብኝ ተውኩት። ዛሬ ግን ከትምህርት ቤት እየሳቅሁ ነው የተመለስኩት፤ የሳቄም ምክንያት አንቺ ነሽ። በሕይወት ሳለሽ የደበቅሁሽ አንድ ነገር አለ፣ እሱንም እናዘዝልሻለሁ። በቅድሚያ ግን የቤቱን ወሬ ስሚ።

ዘንድሮ ሽማግሌዎቹ የጓሳን የጋራ ሣር ለአጨዳ ስለከፈቱ ቤታችን አዲስ ሣር ለብሷል። ያ በአልጋችን በኩል የሚያፈሰው፣ ስንት ዓመት የጨቀጨቅሽኝ ቀዳዳ ተደፈነ። ያቺ ተንኮለኛ በግሽ መንታ ወልዳ ኩራቷን አልቻልነውም። ልጃችን ስንዱ አንደኛ ክፍል ገብታለች፤ ጎረቤቱን ሁሉ ፊደል ካላስቆጠርኩ እያለች አስቸግራናለች። አባትሽ መሪጌታ ከቀየት ወደ ዘመሮ ብቅ ባሉ ቁጥር እኛ ዘንድ ያድራሉ። ጉልበታቸው ደከመ እንጂ ድምፃቸው ያው ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ያን ክረምት መቼም አትረሽውም። እኔ ረዳት አስተማሪ ሆኜ፣ ለመምህራን ማሠልጠኛ ተፈትኜ፣ በእንግሊዝኛ ወድቄ፣ አንድ የመጨረሻ ዕድል ብቻ ቀርቶኝ ነበር። ከወደቅሁ ወደ አገሬ ግሼ ገብቼ ከሦስት ወንድሞቼ ጋር ያችን ጠባብ የገብስ ማሳ መሻማት ነው። አንቺም ስንዱን አርግዘሻል። ከሁሉ የገደለኝ ተውሳከ ግሥ ነበር፤ አንዱን ቃል በተመሳሳዩ ተካ ሲሉኝ አፌ ይታሰራል። ደብተሬን ይዤ ሳጉተመትም፣ የበግ ጸጉር ከምትፈትይበት ቀና ብለሽ፣ እንዲህ እያጉረመረመ ማን ቃል ይይዛል ብለሽ ሳቅሽብኝ።

አንቺ ኤቢሲዲ አታውቂም። ግን የመሪጌታ ልጅ ነሽ፤ ዳዊት ትደግሚያለሽ። የአባትሽ ተማሪዎች አንዱን ቃል ይዘው፣ አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው እያሉ ትርጓሜ ሲያወርዱ እየሰማሽ ነው ያደግሽው። ቃላቱን በእኛው ፊደል አስጻፍሽኝና መምህሬ ሆነሽ ተቀመጥሽ። አንቺ ኩዊክሊ ስትይ፣ እኔ አንድም ራፒድሊ፣ አንድም ስዊፍትሊ፣ አንድም ሄስቲሊ እያልኩ በዜማ መቀበል። አንድ ቃል ከሳትኩ አንድ እፍኝ የበግ ጸጉር አፍታታለሁ። ከስህተቴ ብዛት በዚያ ክረምት የሁለት ባና ብርድ ልብስ ጸጉር ተፍታታ! ጎረቤቶቻችንማ ጌታነህ ቅስና ሊቀበል ነው ብለው አስወርተውብኝ ነበር።

ሄስቲሊ ላይ ያዝሽኝ። ከኩዊክሊ በምን ይለያል ብትይኝ፣ ያው ነው አልኩሽ። ወይ አንቺ፣ እንዴት ተቆጣሽ! አባቴ አንድም ካሉ ሌላ ነገር ሊያመጡ ነው እንጂ ያንኑ ሊደግሙ አይደለም ብለሽ መዝገበ ቃላቱን አስገለጥሽኝ። እውነትም ሄስቲሊ ሳይጠነቀቁ መጣደፍ ሆኖ ተገኘ። ያን የሚያህል ሆድ ይዘሽ ተነሣሽና፣ አንድ ዋንጫ ውኃ ሞልተሽ፣ ጠብ ሳታደርጊ ፈጠን ብለሽ ከበሩ እኔ ዘንድ ደረስሽ። ይህ ኩዊክሊ ነው አልሽ። ተመልሰሽ እየተደናበርሽ መጣሽና ግማሹን ደረቴ ላይ ደፋሽው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ ሄስቲሊ ማለት ይህ ነው አልሽኝ። አውቀሽ እንደደፋሽብኝ አሁንም አልጠራጠርም።

ደብረ ብርሃን በቃል ፈተናው ላይ የገጠመኝን መቶ ጊዜ አስደግመሽኛል። ህንዳዊው ፈታኝ ኩዊክሊን በሌላ ቃል ተካ ሲለኝ፣ አፌ ያለ ዜማ እንቢ አለ። ዐይኔን ጨፍኜ፣ እየተወዛወዝኩ፣ ከነአንድሙ አወረድኩት። ሰውየው መነጽሩን አውልቆ አየኝ። ልዩነታቸውንስ ቢለኝ፣ የገዛ ብርጭቆውን ከጠረጴዛው አንሥቼ ያንቺን አካሄድ ሄድኩለት። ሄስቲሊ ላይ ስደርስ ውኃው ጫማው ላይ ፈሰሰ። አበቃልኝ ስል፣ ሰውየው እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

አስካልዬ፣ ያልነገርኩሽ ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ፈታኙ ይህን ማን አስተማረህ ብሎ ጠየቀኝ። አንድ የቅኔ መምህር አልኩት። እንግሊዝኛ የማታውቅ ሚስቴ ናት ማለት አፈርኩ። ማለፌ ተሰምቶ እቤታችን ድግስ በተደገሰ ጊዜም፣ ሰው ሁሉ እንዴት ቻልከው ሲለኝ ብቻዬን ታግዬ ነው አልኩ። አንቺ በአጠገቤ ጠላ እየቀዳሽ ነበር። ሰምተሽኛል። ሳቅ አልሽና ወደሚቀጥለው እንግዳ አለፍሽ። ያ ሳቅሽ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አፈር ስሆን ይቅር በይኝ፤ አንቺን ያህል ሴት አግብቼ ፈሪ ነበርኩ።

አምና ያን ትምህርት ድምፄ ይቆረጣል ብዬ ዘለልኩት። ዛሬ ግን ሰባተኛ ክፍሎች ፈተና ስለደረሰባቸው መሸሻ አጣሁ። ገብቼ አንድም አልኩ። ተማሪዎቹ ተቀበሉኝ። ጣሪያው ሊነሣ ደረሰ! ዲሬክተሩ ከቢሮው ወጥቶ ትምህርት ነው ወይስ ቅዳሴ ብሎ በመስኮት አየን። እኔም እሱ እዚያው ቆሞ ሳለ ጠመኔዬን አስቀመጥኩና፣ ይህን ያስተማረችኝ ባለቤቴ አስካለ ናት፣ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ሳታውቅ ለዚህ ያበቃችኝ እሷ ናት አልኩ። እሰይ! ደረቴ ቀለለኝ።

 ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ እሷም ልታስጠናኝ ትችል ይሆን ብላ ጠየቀችኝ። ዛሬውኑ ቃላቱን ይዘሽላት ግቢ አልኳት። ደወል ሲደወል እየሮጠች ነው የወጣችው።

እኔ እስካለሁ ድረስ ይህን ትምህርት ከእኔ የሚማር ልጅ ሁሉ ከቃላቱ በፊት ስምሽን ይሰማል። ስንዱም እንግሊዝኛ ስትጀምር መጀመሪያ የምነግራት ይህንኑ ነው።

ባልሽ ብዬ ልፈርም ነበር፤ ግን እውነቱን ለመጻፍ ከተነሣሁ አይቀር፣

ተማሪሽ ጌታነህ