ያልሰማሁትን መመረቅ

ጥቅምት ፬
ኪዳን አድርሼ ተመለስሁ። ሁለት የቅኔ ተማሪዎቼ ዘገዩ፤ ገሠጽኋቸው። ከቀትር በኋላ ልጄ ጽዮናዊት መጣች። አልበሟ አልቋል... የመጀመሪያዋ፤ ራፕም ዜማም ያለበት።
«አባዬ፣ ሳይመርቁኝ አላወጣውም።»
ያልሰማሁትን አልመርቅም። ዘፈኗን በጆሮዬ እንዳልሰማም በጽዋ ማኅበራችን ፊት ተገዝቻለሁ። ታዲያ በየት በኩል ይመረቃል? ይህንኑ ሳስረዳት አለቀሰች።
ባለቤቴ ብርሃንነሽ ከጓዳ ሆና፦ «የኔታ፣ በገዛ ገመድዎ ታሰሩ!»
ሚስት እንዲህ ትናገራለች?

ጥቅምት ፮
የስቱዲዮው ባለቤት አኒስ ከሄርማታ ሰፈር ድረስ መጣ። ጫማውን በር ላይ አወለቀ፤ መልካም አስተዳደግ።
«የኔታ፣ ወላሂ ሁሉም ተዘጋጅቷል። ቡና ለቀማው ሳያልቅ፣ ሰው እጅ ገንዘብ ሳለ መውጣት አለበት። አጋሮም ሊሙም መድረክ ይዘናል።»
«ታዲያ አውጡት።»
«እምቢ አለች! ያለ አባቴ ምርቃት አይሆንም ትላለች።»
ይህን ግትርነት ከማን ወረሰችው? ... ከእናቷ ይሆናል።

ጥቅምት ፯
በጸሎት መካከል፣ ይቅር ይበለኝና፣ መፍትሔው መጣልኝ። የተገዘትሁት ከዘፈን ነው። ነገራ ግን ዘፈን አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪ የሠራውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርማል። መሣሪያ የለ፣ ዜማ የለ። ትንገረኝ!

ጥቅምት ፰
ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ተቀመጥሁ። እርሷ ቆማ ግጥሟን ነገረች።
«ይህ በየስንኙ መጨረሻ የሚመጣው ‹ዬ› ምን ያገለግላል?»
«ትንፋሽ መውሰጃ ነው፣ አባዬ።»
«እንግዲያስ ትንፋሽ ውሰጂበት እንጂ አትናገሪው።»
‹ነኝ›ን ደግሞ በ‹ነኝ› ቤት አስመትታለች፤ ያውም አራት ጊዜ። ስንፍና! «አልመታም» ብዬ መለስኋት።

ጥቅምት ፲፭
አኒስ ደወለ። ድምፁ የታመመ ሰው ድምፅ ነው።
«የኔታ፣ በአላህ! እርስዎ ባረሙ ቁጥር እኛ እንደገና እንቀዳለን። መቼ ነው የሚያልቀው?»
«ሲመታ።»
መጥፎ ተማሪ አይደለችም። አንዱን ስንኝ ስጥልባት በማግሥቱ ሦስት ይዛ ትመጣለች። ይህን አልነገርኋትም። በእኔ ጉባኤ ምስጋና የለም።

ጥቅምት ፳፩
የመጨረሻው ግጥም። አንገቷን ደፋች።
«አባዬ፣ በዚህ ይቆጡ ይሆናል...»
«ተናገሪ!»

አባቴ ሲቆጣ የበጋ ደመና፣
ነጎድጓዱ ብዙ፣ ዝናብ የት አለና!

በጣቴ ቆጠርሁ። ስድስት... ስድስት። የወል ቤት፤ ምንም ያልጎደለው። ቤቱም መትቷል። እስከ ማታ ስሕተት ፈለግሁበት። አጣሁ።
የተሰደብሁት እኔ ነኝ። ነገር ግን የመታውን በምን አፌ «አልመታም» እላለሁ? ለሠላሳ ዘመን ያስተማርሁት ይህንን አይደለምን?
በውኑ እንዲህ ነኝ? ብርሃንነሽን ጠየቅኋት።
«ኧረ ዝናብስ ይዘንባል፣ የኔታ... ነጎድጓዱ ነው እንጂ ያደነቆረን።»

ጥቅምት ፳፪
መረቅኋት። ጉልበቴን ሳመች። «ቃልሽ መሬት አይውደቅ፤ ከሰው ዓይን ይሰውርሽ» አልሁ። የቀረውን ምርቃት እናቷ ትጨርሰው ብዬ ወደ ተማሪዎቼ ሄድሁ።
አንዲት ‹ዬ› ብቻ ፈቅጄላታለሁ። ትንፋሽ ያስፈልጋታል።

ኅዳር ፲፩
ከሄርማታ ወደ ቤቴ ወደ ጊንጆ ባጃጅ ተሳፈርሁ። ሹፌሩ ሙዚቃ ከፈተ። በመጀመሪያው ስንኝ አወቅሁት። የእርሷ ነው!
ጆሮዎቼን ልይዝ አሰብሁ። ግን በአንድ እጄ መቋሚያዬን ይዣለሁ፤ አንድ ጆሮ ክፍት ቀረ። ጥቂት ቆይቶ መቋሚያዬ የባጃጁን ወለል መምታት ጀመረ። ማን አዘዘው?
«ነጎድጓዱ ብዙ» ከሚለው ስንኝ ሲደርስ ሹፌሩ ሳቀ።
«ዱጉማ፣ እውነቴን ነው አባባ፣ ይህቺ ልጅ ትችላለች! አባቷ ግን... እንዴት ያለ ደረቅ ሰው ነው?»
«ደረቅ ነው» አልሁት። «ስንኙ ግን የወል ቤት ነው፤ ልብ በል።»
ጊንጆ ደረስን።
«አባባ፣ መውረጃዎ ነው።»
«አላለቀም።»
«ምኑ?»
«ወደ ቦሳ ኪቶ ንዳ።»
በቦሳ ኪቶ ምንም ጉዳይ የለኝም። ስለ ግዝቱ ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ... ነገ። ወይም አልበሙን ሰምቼ ስጨርስ።