«የኛ ነው» ያሉት የፍሳሹ ሰው፦ የአቶ ታክ ማንሆ የሕይወት ታሪክ

አቶ ታክ ማንሆ ከአባታቸው ከጀልባ ጠጋኙ ከአቶ ታክ ዱሺክና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፒዮ ማልሱን እ.ኤ.አ. ኅዳር 9 ቀን 1951 በቶንግዮንግ ወደብ ተወለዱ። በሁለተኛው ዓመት ወንድማቸው አቶ ጂንሆ ተከተሏቸው። ይህን የጻፈችው ታናሽ እኅታቸው ሱንዶክ ናት፤ ሬሳ ፊት አይዋሽምና ሟች ቅናተኛ እንደነበሩ ከወዲሁ ትናገራለች።

ቤተሰቡ ወደ ቡሳን ከተዛወረ በኋላ ሟች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው አጠናቀቁ። በ1974 ሁለቱ ወንድማማቾች የከተማውን አስተዳደር ፈተና አብረው አለፉ። ሟች ፍሳሽ መሥሪያ ቤት ተመደቡ፤ ጂንሆ ደግሞ ውኃ። አባታችን በደስታ ሶጁ የተባለውን አረቄ ቀድተው ለጎረቤት እንዲህ አሉ፦ «ጂንሆ ከተማውን ውኃ ያጠጣል። ማንሆ ደግሞ... እንግዲህ እሱም የመንግሥት ሥራ ነው።» ሟች ያችን ዝምታ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረሷትም።

በ1978 ከወይዘሮ ናም ኦክቡን ጋር ጋብቻ መሥርተው ሴት ልጃቸውን ሚራንንና ወንድ ልጃቸውን ቺዮልን አፍርተዋል።

በከተማችን መንገድ ሥር ያለ ቧንቧ ሁሉ ባለቤት አለው። የውኃው ሌላ፣ የፍሳሹ ሌላ፣ የጋዙ ሌላ፣ የወንዙም ሌላ። አንድ ነገር የፈነዳ ዕለት ግን ባለቤት ይጠፋል፤ የትኛውም ቢሮ ቢደወል መልሱ «የኛ አይደለም» ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን «የኛ ነው» ብለው የተከራከሩ ሹም ቢኖሩ አቶ ማንሆ ብቻ ናቸው።

ነገሩ የሆነው በ1987 የመከር በዓል በሆነው በቹሶክ ዋዜማ ነው። በቤታቸው ደጃፍ ከመሬት ውኃ ይፈልቅ ጀመር። ወይዘሮ ኦክቡን «ለጂንሆ ደውልለት እንጂ!» ቢሏቸው «ምን ሲባል! ይሄ የኛ ፍሳሽ ነው» አሉ። አንዲት ጎረቤት ጎንበስ ብለው አሸተቱና «አቶ ታክ፣ ይሄ እኮ አይሸትም» አሉ። ሟችም «ትንሽ ይታገሡ፣ ይሸታል!» ብለው መለሱ። ሠራተኞቻቸውን ጠርተው አስፋልቱን አስቆፈሩ። የቆፋሪው መኪና ጥርስ የውኃ መሥሪያ ቤቱን ትልቁን ቧንቧ ለሁለት ገመሰው፤ ሰፈሩ በሙሉ ለበዓል የሩዝ ቂጣ የሚቀቅልበት ውኃ አጣ።

አመሻሹ ላይ ጂንሆ የውኃ ቦቴ ይዘው ደረሱ። ሴቶቹ ባልዲያቸውን እየደረደሩ አጨበጨቡላቸው።

«ጋሼ፣ አንዴ ብትደውልልኝ ምን ነበረበት?»

«ደውዬልህ በጭብጨባ ልትገባ? ይኸው ሳልደውልም ተጨበጨበልህ!»

ሟች ተግሣጽ ተጻፈባቸው፤ ዕድገታቸውም ዘገየ። ጂንሆ የክፍል ኃላፊ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ወንድማማቾቹ ሆድና ጀርባ ሆነው በአያቶቻችን መታሰቢያ ማዕድ ፊት ጎን ለጎን ይሰግዱ ነበር እንጂ ሰላም አይባባሉም ነበር። እኔ እኅታቸው በመሃል ቆሜ ተቃጠልሁ።

ሟች በ2011 በክብር ጡረታ ወጡ። በ2014 ሁለቱም ኩላሊቶቻቸው ደከሙ። ጂንሆ ማንም ሳይጠይቃቸው ሄደው ተመረመሩ፤ ኩላሊታቸው ይስማማ ነበር። ሟች ግን «ውኃውን ሰጠህ፣ ጭብጨባውን ወሰድህ። አሁን ደግሞ ኩላሊት ሰጥተህ ልትመረቅብኝ ነው? የማንሆን ፍሳሽ ማንሆ ይችለዋል!» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ባለቤታቸው አለቀሱ፤ እኔም እግራቸው ላይ ወደቅሁ። እምቢ እንዳሉ ከዓመት በላይ በማሽን ደማቸውን ሲያሳጥቡ ቆዩ።

በ2016 መግቢያ ላይ ጂንሆ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጡና እንዲህ አሉ፦

«ጋሼ፣ እማዬን ቤቴ እንድትኖር ስንቴ ለመንኳት መሰለህ። ትልቅ ክፍል አሰናድቼላት ነበር። ‹ማንሆ ዘንድ ይሻለኛል› ብላ እስክትሞት ካንተ አልለይ አለች። የሷን እግር የምታጥበው አንተ ነበርህ። እኔ ፍራፍሬ ይዤ እንደ እንግዳ እመጣ ነበር።»

ሟች ቀስ ብለው ዞሩ። «ቀንተህብኝ ነበር?»

«አሁንም እቀናለሁ።»

አቶ ማንሆ ሳቁ። ለቀናት ምግብ እምቢ ያሉት ሰው አንድ ሳህን ገንፎ ጨርሰው በሉና «በል እንግዲያው፣ ኩላሊቱን አምጣ» አሉ። ሐኪሞቹ ግን የሟች ልብ ቀዶ ሕክምናውን አይችልም፣ ጊዜው አልፏል አሉ። ወንድማማቾቹ የቀሯቸውን ሳምንታት የልጅነታቸውን እያነሡ አብረው አሳለፉ።

አቶ ታክ ማንሆ በተወለዱ በ64 ዓመታቸው መጋቢት 3 ቀን 2016 አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እኅታቸውንና ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ሣጥኑ ሲከደን ጂንሆ «አሁንማ እማዬን ጠቅልለህ ወሰድሃት» ብለው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።

ነፍሳቸውን የቡድሃ ንጹሕ ምድር ይቀበላት። እናታችን ቀድመው እዚያ ናቸውና ጂንሆ እስኪመጡ ድረስ ለሟች ለብቻቸው ይሁኑላቸው። ጂንሆም ቶሎ አይምጡ።