ቁምሳጥን ውስጥ ያበሩት ሦስት ነጥቦች

ሰኞ
ሰዓት ነው ይለኛል! የአምስት ዓመቷ ልጄ ሶስና ድብብቆሽ ስትጫወት ቁምሳጥን ውስጥ ገብታ፣ "እማዬ፣ ከአባዬ ካፖርት ሥር ሦስት አረንጓዴ መብራቶች አሉ፤ ትናንትም ነበሩ" አለችኝ። ምሳ ላይ ባሌን ጠየቅሁት። "የሚያበራ ሰዓት ገዝቼ ነው" አለ፣ ቀና ሳይል። ወደ ቢሮው ከተመለሰ በኋላ ከፍቼ ባይ፣ ከካፖርቱ በቀር ምንም የለም።

ማክሰኞ
"ይኸውልሽ" ብሎ ሰዓት አመጣ። ላስቲኩ እንኳ ከመስታወቱ አልተላጠም! ለፊዚክስ መምህርት እንዲህ ያለ ውሸት?

ረቡዕ
ጠዋት ሰዓቱን ቁምሳጥን ውስጥ ዘጋሁበት። ከትምህርት ቤት ስመለስ ድርግም ብሏል። የሚያበራው ቀለም ብርሃን ካላገኘ ይደክማላ። ሶስና ያየቻቸው ግን ጨለማ ውስጥ ሁለት ቀን አብርተዋል። ያለ ባትሪ፣ ያለ ፀሐይ ዓመታት የሚያበራው ትሪቲየም የሚባለው ጋዝ ነው። በትንንሽ የመስታወት ቱቦ አሽገው ውድ ሰዓት ላይ ያደርጉታል። ሽጉጥ ማነጣጠሪያ ላይም ያደርጉታል፤ ሁለት ከኋላ፣ አንድ ከፊት። ሦስት!

ማታ "ሽጉጥ ነው አይደል?" አልሁት።
"የጓደኛዬ አደራ ነው። እንዴት እምቢ ልበለው?"
"ልጅህስ የማን አደራ ናት?"
ጥይት ጎርሶ እንደሆነ እንኳ አያውቅም! ነገ እመልሳለሁ አለ። እፍ!

ሐሙስ
ጣና ዳር ዓሣ ጋበዘን። "መለስሁት፣ እመቤቴን!" ብሎ ማለልኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ የምወደውን ዓሣ ግን ሳልጨርስ ገፋሁት።

ቅዳሜ
ባሌ ወጣ እንዳለ መሐላውን ልፈትሽ ቁምሳጥን ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እኔ ትልቋ ሴትዮ! ጨለማ ነው። ተመስገን ልል ስል ሶስና ከፈተችው።
"እዚያ የሉም እኮ! አባዬ ሶፋው ሥር ደብቋቸዋል። እኔ አገኘኋቸው!" አለች እየሳቀች።

አጎንብሼ አየሁ። ሦስቱም አሉ። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ያውም በእመቤታችን ስም! አንገሸገሸኝ። አልነካሁትም። ልጄን ይዤ፣ በሩን ቆልፌ ወጣሁ። ከፔዳ ሰፈር ወደ እህቴ ከተማ ሚኒባስ ስንይዝ ደወልሁለት። "ያ ነገር ሳይወጣ እኛ አንገባም" ብዬ ዘጋሁት።

እሑድ
ሐሙሲት ከተማ፣ እህቴ ቤት ነን። አምስት ጊዜ ደወለ፤ አላነሳሁም። ያውጣው አያውጣው አላውቅም፤ ቢምልስ ማን ያምነዋል?

ሶስና ከእህቴ ልጆች ጋር ድብብቆሽ ይዛለች። አሁን ከእህቴ ቁምሳጥን ብቅ ብላ፣ ቅር እያላት፣ "እማዬ፣ እዚህ ቤት እኮ ጨለማ ብቻ ነው" አለችኝ።

"እሰይ!" አልኋት።