ወደ አየር የሚከፈተው በር

ለክቡር የአካባቢ ገጽታ ማሳመሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎስ? ጉልበትዎን ለይቼ መጠየቄ፣ ቢሮዎ አራተኛ ፎቅ ላይ መሆኑን፣ ደረጃውም እስካሁን በቦታው መኖሩን ሰምቼ ከልብ ደስ ስላለኝ ነው።

እኔ እሪ በከንቱ ካለ አንድ የድሮ የእንጨት ፎቅ በረንዳ ሥር የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ የኖርኩ ልብስ ሰፊ ነኝ። በረንዳውን ስላፈረሱልን ሳላመሰግን በመቆየቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ምስጋናው እንዳይደበላለቅብዎም በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

አንደኛ፣ ሠራተኞችዎ በረንዳው «ከቤቱ አካል ውጭ የተቀጠለ» መሆኑን ገልጸው ምሳ ሳይደርስ ነቅለው ጨረሱት። ወደ ላይኛው ክፍል የሚያወጣው ብቸኛ ደረጃ በዚያው በረንዳ በኩል እንደነበር ለመጠየቅ ፋታ አላገኙም፤ ሥራ የሚወድ ሰው እንዲህ ነው። የቤቱ ባለቤት እትዬ አይናዲስ በዚያ ሰዓት እላይ ክፍላቸው ውስጥ ነበሩ። አሁንም እላይ ናቸው። በራቸው ወደ አየር ይከፈታል። ምግባቸውን በገመድ በታሰረ ቅርጫት ይስባሉ፤ ቅርጫቱን የሚሞሉት ከታች የሚኖሩት ጎረቤታቸው እትዬ ሰዓዳ ናቸው፤ የጾሙን ቀን ከጿሚዋ ይልቅ የሚያስታውሱትም እሳቸው።

ሁለተኛ፣ እኔም ጥላዬን አጥቼ ፀሐይ ላይ ስለተቀመጥኩ ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ ያለ መነጽር ይታየኝ ጀምሯል።

ሦስተኛ፣ የሰፈሩ ወጣቶች እትዬ አይናዲስን ደግፈው ለማውረድ መሰላል አቁመው ነበር። ለካ ቤቱ በዚያው ሰሞን በቅርስነት ተመዝግቦ ኖሯል! ደንብ አስከባሪዎች መሰላሉ «የቅርሱን ነባር መልክ ይለውጣል» ብለው ተሸክመውት ሄዱ። አዲስ ደረጃ እንድንሠራ ብናመለክትም መልሱ ያው ሆነ። ቤቱን ከነዋሪው እንዲህ አድርጎ የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ማግኘታችን ትልቅ እፎይታ ነው።

አራተኛ፣ ባለፈው ወር የእትዬ ሰዓዳ ባለቤት ጋሽ ረሻድ አረፉ። ጠዋት አርፈው ከቀትር በኋላ ተቀበሩ። እትዬ አይናዲስ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለለቅሶ ወጡ፤ እስከ በራቸው። ከዚያ ወዲያ የሚረገጥ ነገር ስላልነበረ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ፣ እግራቸው አየር ላይ ተንጠልጥሎ። አስከሬኑ ከሥራቸው ያለፈው እንዲሁ እንደተቀመጡ ነው። ድንኳኑ እስኪነሳም እዚያው ይውሉ ነበር፤ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ አንጋጦ እጅ እየነሳቸው ይገባል። በመጨረሻ ሐዘንተኛዋ እትዬ ሰዓዳ ራሳቸው ከድንኳኑ ወጥተው፣ «አይኑዬ፣ ደርሰሽኛል፤ በቃ ግቢ፣ ብርዱ ይመታሻል» አሏቸው። ሐዘንተኛ ለቅሶ ደራሹን ሲያጽናና ያየሁት በእርስዎ ዘመን ነው። ይህንን ከምስጋናው ጋር ለምን እንደቆጠርኩት አላውቅም። ቁጥሩ ስለቀጠለ ይሆናል።

እንግዲህ በረንዳው ይመለስልን ብለን አናስቸግርዎም። አንድ ደረጃ ብቻ ይፈቀድልን፤ አስቀያሚም ቢሆን ግድ የለንም፣ ቀለሙንም እርስዎ ይምረጡልን።

የእርስዎን ከፍታ ከታች ሆኖ በአክብሮት የሚመለከት፣
ካሣሁን አጽብሐ
ልብስ ሰፊ፤ ቀድሞ ከበረንዳው ሥር፣ አሁን ከሰማይ ሥር

ማስታወሻ፦ የቤቱን ቅርስነት የሚያበስረው ሰሌዳዎ ከታች ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የቤቱ ሥዕል ከነበረንዳው ከነደረጃው ተቀርጾበታል፤ በእውነት ያምራል። ከሰፈሩ ሰው ያላዩት እትዬ አይናዲስ ብቻ ናቸው። ከታች ሆኜ እየጮኽኩ ብነግራቸው፣ ደረጃው የእጅ መደገፊያም አለው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አለው አልኳቸው።