ውርንጭላ የሌለው መንጋ

ለተወደድሽው እህቴ ለፔትሮኒላ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ? ባለቤትሽን ኤላዲዮን ያ ሳል ለቀቀው? እናታችንስ እህል ትቀምሳለች? እኔ ማስተማሩን ከተውኩ ወዲህ ከዓይኔ መድከም በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስለ ልጅሽ ስለ ሲሪያኮ ግን የምጽፍልሽ አለኝ፤ ተቀምጠሽ አንብቢው።

በዚህ በደረቅ ወራት የዱር ፈረስ ውሃ ፍለጋ ወደ አፑሬ ወንዝ እንደሚወርድ ታውቂያለሽ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከማዶ አንድ አዲስ መንጋ ታየ። ከደጄ ሆኜ ቆጠርኩት፤ ስልሳ ያህል ነው፣ አንድም ውርንጭላ የለውም። በዚህ ወር ውርንጭላ የሌለው የዱር መንጋ አይቼ አላውቅም። ማክሰኞም ያው ነበር። ሳላረጋግጥ መናገር ስለማልወድ ዝም አልኩ። በዚያው ምሽት የዚሁ ሜዳ ተወላጅ የሆነው፣ የፈረስ ጠባይ የሚያውቀው የንጉሡ ጦር ሰፈር አዛዥ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። እሱ ይሰማኝ ነበር።

ረቡዕ ለተተካው ሻምበል ብነግረው፣ «መምህር፣ ተማሪ ቢያጡ ፈረስ መቁጠር ያዙ?» ብሎ ወታደሮቹን አሳቀብኝ። የንጉሡ ወታደር ግማሹ እግረኛ ነውና ፈረሶቹን ለመያዝ ቸኩሏል። ሲሪያኮንና አሥራ አንድ ወታደር ጓደኞቹን ጠብመንጃቸውን አስቀምጦ፣ የማጥመጃ ገመድ አስይዞ ወደ ወንዙ ላካቸው። ልጅሽ በደጄ ሲያልፍ እጁን ይዤ «ይቅርብህ» አልኩት። «ትእዛዝ ነው፣ አጎቴ። ለእርስዎም አንዲት ገራም ባዝራ አመጣልዎታለሁ» ብሎኝ እየሳቀ ሄደ።

ሰፈሩ እንደ ልማዱ ከምሳ በኋላ ተኝቶ ነበር። መንጋው ወንዙን ዋኝቶ ወደ እኛ ዳርቻ ሲቃረብ፣ በየፈረሱ ጎን ተለጥፎ የተደበቀ፣ በንጉሡ ላይ ያመፀ የሜዳ ፈረሰኛ ብድግ ብሎ ጀርባው ላይ ወጣ። ኮርቻ የላቸውም፤ ጦራቸውን ከፈረሱ ሆድ ሥር አስረውት ኖሯል። አንድ የዳዊት መዝሙር ደግሜ ሳልጨርስ ሰፈሩ ነደደ። ሻምበሉም ጫማውን ሳያጠልቅ ሞተ።

ከአሥራ ሁለቱ የሰባቱን አስከሬን አንድ በአንድ ገልጬ አየሁ። ሲሪያኮ የለበትም። አምስቱን አማፂዎቹ በራሳቸው ገመድ አስረው እየነዱ እንዳሻገሯቸው አሳ አጥማጆቹ ነግረውኛል። በዚህ ጦርነት ምርኮኛን ብዙ ቀን የሚቀልብ ወገን የለም። ዛሬ ከማዶ አሞራዎች ይዞራሉ፤ የሞተ ከብት ይሆናል። ታንኳ የሚያውሰኝ አግኝቻለሁና ልለምናቸው አሁኑኑ እሻገራለሁ።

ለኤላዲዮ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ሴቶች ልጆችሽን ሳሚልኝ። የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ስለ ሲሪያኮ ከጠየቀችሽ «ከወንዙ ማዶ ነው» በያት። ውሸት አይደለም።

ወንድምሽ አናክሌቶ
አፑሬ ወንዝ ዳር፣ የካቲት 20 ቀን 1818