በደጃፌ ላይ ስለተወጠረው ሪባንና ስለ ልጄ ሽማግሌዎች

ለከተማ ዙሪያ ብስክሌት መንገድ የምረቃ አስተባባሪ ኮሚቴ
ክቡር ሰብሳቢ
ሐዋሳ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ፣ ወንበርዎስ ደህና ናቸው? እኔ፣ ባለቤቴ ብርሃነሽና በራችን ላይ የተወጠረው ቀይ ሪባንዎ፣ ምስጋና ለእርስዎ ይድረስና፣ ደህና ነን። ልጄ ሀሴት ግን ደህና አይደለችም፤ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ እንድጽፍ ያደረገኝም የእሷ ጉዳይ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ከሐይቅ ዳር ተነስቶ፣ በባህል አዳራሽ በኩል አድርጎ፣ ከተማውን ዞሮ ተመልሶ ሐይቅ ዳር የሚገባው የብስክሌት መንገድ ተሠርቶ ካለቀ ሰነባብቷል። ያማረ መንገድ ነው፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። የቀረው መመረቅ ብቻ ነው። መንገዱ ክብ ስለሆነ መነሻውም መድረሻውም አንድ ቦታ ሆነ፤ ያም ቦታ የእኔ በር ሆኖ ተገኘና የክብር እንግዳው እስኪመጡ ሪባኑ እዚያው ተወጠረ። በአንድ በኩል የሆቴል አጥር፣ በሌላ በኩል ሐይቁ ስለሆነ ሌላ ማለፊያ የለም። ከሪባኑ ወዲህ እኛ አለን፤ ከሪባኑ ወዲያ ደግሞ ሀሴትን ሊያገባ የሚፈልገው መክብብ ከነወላጆቹ አለ። ድሮ ጨው ሲያልቅብን ከእነሱ ቤት እንበደር ነበር።

ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ሪባኑን ጥበቃ ስላቆሙለት እናመሰግናለን። ጥበቃው አምሳሉ ጨዋ ሰው ነው፤ ከሪባኑ ሥር ጎንበስ ብሎ ማለፍም ያው ማለፍ ነው ብሎ ያምናል። ከእኔ በር ወደ እነ መክብብ በር መሄድ የፈለገ ሰው እንግዲህ ከተማውን በሙሉ ዞሮ ከማዶ ብቅ ማለት አለበት፤ መንገዱም ለብስክሌት ብቻ ነው ተብሎ ባጃጅና እግረኛ ስለተከለከሉ የሚዞረው ፔዳል እየመታ ነው። ዞሮ ዞሮ ከቤት ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የኮሚቴዎ መመሪያ ኖሯል።

ሁለተኛ፤ እነ መክብብ ሽማግሌ ላኩብኝ። ጡረታ የወጡት ዳኛ አቶ ደምሴ፣ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ጠሀና መምሬ ሰይፈሚካኤል ናቸው። ሦስቱም ሪባኑ ጋ ደርሰው ልብሳቸውን ሲያስተካክሉ ከበረንዳዬ ሆኜ አየኋቸው፤ ነገር ግን ሽማግሌ ደጅ ሳይደርስ ግቡ ማለት ወግ አይደለምና ዝም አልኩ። አምሳሉ በትሕትና መለሳቸው። እነሱም ብስክሌት ተከራዩ። አቶ ደምሴ ፊት ፊት፣ ሐጂ ጠሀ ጀለቢያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ከኋላ፣ መምሬ ደግሞ በሐጂ ብስክሌት ኮርቻ ጀርባ በጎን ተቀምጠው፣ ጥላቸውን ለሁለቱም ዘርግተው ከተማውን ዞሩ። ባህል አዳራሽ አካባቢ ሕዝቡ የምረቃው ሰልፍ መስሎት አጨበጨበላቸው ይባላል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ እየተንገዳገዱ በሬ ላይ ወረዱ።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም የወግ ሰው ነዎትና ያውቃሉ፤ የልጅ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። ዘመድ ላማክር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ ይላል። ቶሎ እሺ ካለማ ልጅቱ የተረፈችው ያስመስልበታል። እኔም ላባቸውን እየጠረጉ ቆመው ሳለ ተመለሱ አልኳቸው። አቶ ደምሴ ብዙ አዩኝ። ከዚያ ብስክሌታቸውን አዙረው ሄዱ።

ሦስተኛ፤ ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ አይመጡም። መንገዱ ካልተከፈተ እግራችንን አናነሳም ሲሉ በአምሳሉ በኩል ልከውብኛል። ባለቤቴ በሪባኑ ላይ አሻግሬ እሺ እንድላቸው ብትመክረኝም መምሬ ልጅ በአጥር ላይ አይሰጥም አሉ፤ ሐጂ ጠሀም ደገፏቸው። ሁዳዴ ሊገባ ነው። ከገባ እስከ ፋሲካ ሠርግ የለም፤ መክብብ ደግሞ ፋሲካ ሳይደርስ ለሥራ ጋምቤላ ይሄዳል። አሁን ሁለቱ ልጆች አመሻሽ ላይ ሪባኑን በመሐል አድርገው ያወራሉ፤ አምሳሉም መሐላቸው ቆሞ አንዳንዴ ሐሳብ ይሰጣል። ልጄ ቤት ስትገባ ግን አታናግረኝም። ይህ ያንገበግበኛል፤ በማሾፍ የምሸፍነው ነገር አይደለም።

አራተኛ፤ ሰሞኑን በማለዳ ጉማሬ ከሐይቁ ወጥቶ ሪባኑን በደረቱ በጥሶ አለፈ። ብርሃነሽ እልል አለች። አምሳሉ ግን የተበጠሰውን ሁለት ጫፍ በሁለት እጁ ወጥሮ ይዞ አዲሱ ሪባን እስኪመጣ ድረስ ቆመ። አዲሱን ምን ያህል ፈጥናችሁ እንዳመጣችሁት ሳስብ እገረማለሁ፤ መሥሪያ ቤትዎ መፍጠን እንደሚችል ጉማሬ አስተማረን። እንስሳው የክብር እንግዳ ስላልነበረ ምርቃቱ አይጸናም የሚለውን ውሳኔዎንም በአክብሮት ተቀብለናል፤ ምንም እንኳ ከተጠሩት እንግዶች ሁሉ በቦታው የተገኘው እሱ ብቻ ቢሆንም።

ልመናዬ አጭር ነው። ሪባኑ ይቆረጥ። ማንም ይቁረጠው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተስፋችን አድርገን፣ ከመቀመጫዎ የሚያስነሳ ሐሳብ ሁሉ እንዲርቅልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ የበሬንም የሪባንዎንም ደህንነት ጠባቂ ሆኜ እቀራለሁ።

አክባሪዎ
ገብረጻድቅ ተመስገን
ከሪባኑ ወዲህ

ማስታወሻ፦ ፖስታውን ሳላሽገው ሀሴት ደብዳቤውን አነበበችው። ማንም ይቁረጠው የምትለዋን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበበችና የእናቷን የልብስ መቀስ ይዛ ወጣች። አምሳሉ መቀሱን በትሪ እንድታደርገው ብቻ ጠየቃት፤ ትሪውንም እሱ ያዘላት። ሽማግሌዎቹ በእግራቸው መጡ፤ እኔም ገና ሳይቀመጡ እሺ አልኳቸው። ሠርጉ ከጾሙ በፊት ነው፤ እርስዎም ተጠርተዋል። በዕለቱ በራችን ላይ ሌላ ሪባን እንወጥራለን፤ አምሳሉም ከተማውን ዞረው በማዶ በኩል እንዲገቡ በትሕትና ያመለክትዎታል። ብስክሌት ይዘው ይምጡ።