ቢሮዎ ውስጥ ስለተቆለፈባት ድልድይ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ፤ እርስዎን ቢያምዎ አገር ምድሩ ስለሚሰማ ብዙም አልሰጋም። የምሰጋው ላይኛው ፎቅ፣ በሩ አጠገብ፣ የልብ ማሽን ተገጥሞላት ለተኛችው እናቴ ነው።

እንደሚያውቁት፣ የሕሙማኑ ማሽኖች ያሉበት ኔትወርክና የነርሶቹ ስክሪን ያለበት ኔትወርክ የሚገናኙት ብሪጅ በምትባል፣ የጫማ ካርቶን በማታህል ዕቃ ነው። የእናቴ ልብ ሲዛባ ጥሪው ነርሷ ዘንድ የሚደርሰው ይህችን ድልድይ ተሻግሮ ነው። ድልድዪቱን ለማኖር ላሳዩት ጥበብ ምስጋናዬ እነሆ፦

፩ኛ. አዘውትረው የሚነጋገሩትን ማሽኖችና ነርሶች በአንድ ወገን ማኖር ሲቻል፣ እርስዎ ኔትወርኩን በማዕረግ ከፍለው ነርሶቹን ከአስተዳደር፣ ሕሙማኑን ከመጋዘን ጋር መደቡ። የእናቴ ጎረቤት ፋሻ የሚቆጥር ኮምፒውተር ነው፤ ክፉ ጎረቤት አይደለም፣ ዝም ማለት ብቻ ያበዛል።

፪ኛ. ባለሙያው «ነርሶቹ ጠረጴዛ ሥር ትሁን» ቢልዎ፣ «ውድ ዕቃ ሜዳ ላይ አይጣልም» ብለው በራስዎ ቢሮ፣ ከሻይ ማፍያዎ ጎን አስከበሯት። ሲወጡም እሳት እንዳይነሣ የቢሮውን መብራት ከቆጣሪው አጥፍተው ይቆልፋሉ። ከቃጠሎ ስላዳኑን እጅ እነሣለሁ።

፫ኛ. ትናንት እርስዎ እንደወጡ የእናቴ ማሽን ጮኸ፤ ማንም አልመጣም። ጫማዬን እንኳ ሳላደርግ ኮሪደሩን በሩጫ ስደርስ ነርሷ «ወንድሜ፣ ተረጋጋ እንጂ፤ እናትህ ይኸው ሰላም ናት» ብላ ስክሪኑን አሳየችኝ። ስክሪኑ ለካ እርስዎ መብራቱን ከነድልድዪቱ ሲያጠፉ ያየውን ይዞ ደርቆ ቀርቷል። እዚያ እናቴ ሰላም ነበረች። አልጋዋ ላይ ግን ከንፈሯ ጠቁሮ አገኘናት። ለጥቂት ተረፈች።

ዛሬ ነቅታ «ይህ ልጅ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያፈጥብኝ?» እያለች ትስቃለች። ነፍሷ ከቁልፍዎ ጋር እርስዎ ኪስ ውስጥ እንደምትውል አልነገርኳትም። ነገ ለዕረፍት እንደሚሄዱ ከሰማሁ ወዲህ ግን ወንበሬን ማሽኑ ሥር አስጠግቻለሁ።

ከወገቤ ዝቅ፣ ጆሮዬን ወደ ማሽኑ ቀና አድርጌ፣

ታዛዥዎ፣ በሩ አጠገብ የተኛችው እናት ወንድ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን በኢሜይል ልልከው አስቤ፣ ያችኑ ድልድይ መሻገር ስላለበት በርዎ ላይ ለጠፍኩት። ቁልፉን ለነርሷ ከሰጡ ራሴ እቀደዋለሁ። ካልሰጡ ግን፣ ከዕረፍት ሲመለሱ ከጎኑ የሚያገኙትን፣ የእናቴ ፎቶግራፍ ያለበትን ወረቀት እባክዎ ሳያነቡ አይግቡ።